ዕቅዳችሁን ከጥር ምሽት ጀምሩልን

ይድረስ ለከተማው የኤሌክትሪክ ድርጅት ለሲያትል ሲቲ ላይት የዕቅድ ክፍል፣ ለሲያትል ከተማ ምክር ቤት አባላት፣ እንዲሁም በሲያትልና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ከእናቴና ከልጄ ጋር በኪራይ አፓርታማ የምኖር፣ በሆም ኬር፣ ማለትም ሕሙማንንና አረጋውያንን በቤታቸው በመንከባከብ ሥራ የምተዳደር ሴት ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ንፋስና ስለ ፀሐይ ኃይል ነው። መሐንዲስ አይደለሁም። ግን መብራት ሲጠፋ ቤት ምን እንደሚመስል ዕቅድ ከሚያወጡት ከብዙዎቹ ይልቅ አውቃለሁ ብል ትዕቢት አይሆንብኝም። ዓመተ ምሕረቱንና ወሩን እንዳያምታታን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሰዓቱን ግን በእኛ ነው የምቆጥረው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ነገሬን ከምጣድ ልጀምር። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ስለምውል የምጋግረው ቅዳሜ ማታ ነው። ያቦካሁት ላይ አብሲት ጥዬ፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ጠብቄ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ምጣዱን እሰካለሁ። ምጣዱ የእኛ አይደለም። ብዙዎቻችን አሜሪካ ውስጥ የምንጋግርበት ያ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ የተሠራው የኖርዌይ ተወላጆች ሌፍሴ ለሚሉት የድንች ቂጣቸው ነበር። ባላርድ ሰፈር ያሉት አያቶች ለገና ቂጣ ያወጡበታል፣ እኛ በየሳምንቱ እንጀራ እናወጣበታለን። 1400 ዋት ገደማ ይስባል። ሃያ አምስት እንጀራ እስካወጣ ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ለብቻው ሲታይ ኢምንት ነው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት የሳሎኑና የመኝታ ቤቶቹ የግድግዳ ማሞቂያዎች በርተዋል፣ የእናቴ ክፍል ከበሩ ስር በሚገባው ብርድ አልሞቅ ብሏል፣ ልጄ ፀጉሯን ታጥባ ማድረቂያ ይዛለች፣ ከበላያችን ያሉት ሶማሌዎች እራት እየሠሩ ነው፣ ከታች ያለው ቬትናማዊ ሽማግሌ ልብስ እያጠበ ነው። ፀሐይዋ በጃንዋሪ መጀመሪያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ወጥታ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጠልቃለች። ጣሪያችን በሙሉ የፀሐይ ፓኔል ቢሆን እንኳ በዚያ ሰዓት የሚሰጠን የለም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ታዳሽ ኃይል ስታቅዱ ስሌቱን ከዓመቱ ድምር ሳይሆን ከዚህ ምሽት ጀምሩልን።

የዓመቱ ድምር እንደማያሳፍራችሁ አውቃለሁ። በ2005 ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ሁሉ ቀድማችሁ የካርቦን ልቀታችሁን በሌላ ቦታ በሚቀነስ ልቀት አካክሳችኋል። ግድቦቻችሁንም አይቻቸዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማኅበራችን ሴቶች በሰመር መኪና ተከራይተን ወደ ስካጂት ወንዝ ወጥተን ነበር። ዲያብሎ ሐይቅ የሚለውን ስም ስትሰማ አንዷ ማኅበርተኛችን አማተበች። ውሃውን ስታየው ግን ስሙን ይቅር አለችው፤ የበረዶ ግግሩ ድንጋዩን ፈጭቶ ያወረደው ደቃቅ ዱቄት ሐይቁን ሰማያዊና አረንጓዴ አድርጎት፣ ሳሙና የተበጠበጠበት ይመስል ነበር። ጎርጅ ከ1924 ጀምሮ፣ ዲያብሎ ከ1936 ጀምሮ ያመነጫሉ፤ ሮስ ከላያቸው ውሃውን ይዞላቸዋል። ከሁሉም ትልቁ ባውንደሪ ደግሞ በ1967 ከካናዳ ድንበር አጠገብ ፔንድ ኦሬይ ወንዝ ላይ ሥራ ጀመረ። የቀረውን አብዛኛውን ከፌዴራሉ የኃይል ድርጅት ከቦንቪል በውል ትገዛላችሁ፤ እሱም በአመዛኙ የኮሎምቢያ ወንዝ ውሃ ነው። እንግዲህ የእናንተም ግድብ የቦንቪልም ግድብ የሚጠብቁት ያንኑ የተራራ በረዶ ነው ማለት ነው።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል በእኛ ዘንድ።

እኔ ያደግሁት መብራቱ ከሞላ ጎደል ከውሃ በሚመጣበት አገር ነው። በ2009 አዲስ አበባ ውስጥ በየግድቡ ውሃ ሲያንስ ፈረቃ ገባን። በ2019ም የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ ወርዶ አገሩ በሙሉ ወደ ፈረቃ ተመለሰ፤ እኔ በዚያን ጊዜ እዚህ ነበርኩ፣ እህቴ ናት በስልክ የምትነግረኝ። ፈረቃ ማለት ዛሬ የእናንተ ሰፈር ይጠፋል፣ ነገ የእኛ ማለት ነው። ሰው በልኩ ኑሮውን ያስተካክላል፤ ፀጉር ቤቱ በሌሊት ይከፍታል፣ ወፍጮ ቤት ያለው ሰልፍ ከንጋቱ ይጀምራል፣ ሊጥ ያቦካች ሴት ጎረቤት ጋ ይዛ ትሄዳለች። ጄኔሬተር ያለው ግን ኑሮውን አያስተካክልም። ከፈረቃ የተማርኩት ይህንን ነው፤ የኃይል እጥረት ሁሉንም ሰው እኩል አይነካም፣ እናም ማንን ይበልጥ እንደሚነካ የሚወሰነው እጥረቱ በሚመጣበት ሰዓት ነው።

ሲያትል ፈረቃ የለም። እዚህ ውሃ ሲያንስ መብራቱ አይጠፋም፣ ሂሳቡ ነው የሚጨምረው። በ2023 ሜይ ወር ያለ ልክ ሞቀ፣ የተራራው በረዶ ጊዜው ሳይደርስ ቀለጠና ወረደ። ግድቦቹ ከዚያ በኋላ ባነሰ ውሃ ሠሩ፣ ከተማው ከገበያ ገዛ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠው የዋጋ ማረጋጊያ ገንዘብ ተመናመነ፣ ከ2024 ጃንዋሪ ጀምሮም በሁላችንም ሂሳብ ላይ 4 በመቶ ተጨመረ። ሕጉ ነው፣ አስቀድሞም ተነግሯል፤ በዚህ አልወቅሳችሁም። ግን በዚያው ጃንዋሪ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በገናና በጥምቀት መካከል፣ ከ12ኛው ቀን ጀምሮ፣ ሰሜን ምዕራቡ በሙሉ በብርድ ደረቀ። ሁሉም ማሞቂያ በአንድ ጊዜ በራ፣ ክልሉ ከሌላ ቦታ ኃይል እያስመጣ አደረ፣ የአንድ ሜጋ ዋት ሰዓት የጅምላ ዋጋ ወደ 1000 ዶላር ተጠጋ። የዓመቱን ሂሳብ የሚያናጉት እንደዚህ ያሉ ጥቂት ቀናት፣ ከእነሱም ውስጥ ጥቂት ሰዓታት ናቸው። እነዚያ ሰዓታት ደግሞ የእኛ ናቸው። ሀብታሙም ይሞቃል፣ ግን ከውጭው አየር ሙቀት እየሳበ በሚያስገባ ሂት ፓምፕ ይሞቃል፤ የእሱ ማሽን በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የእኔ የግድግዳ ማሞቂያ የሚሰጠውን ሦስት እጥፍ ሙቀት ያወጣለታል። እኔ ሦስት እጥፍ ከፍዬ በብርድ የምቀመጠው ስላልገባኝ አይደለም፤ ማሞቂያውም መስኮቱም የአከራዩ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ስለ ፕሮጀክቶቹ። የክልላችን የዋሽንግተን የንጹሕ ኃይል ሕግ በ2019 ወጥቶ የከሰል ኃይል እስከ 2025 እንዲቆም፣ በ2030 ልቀቱ እንዲካካስ፣ በ2045 ኃይሉ በሙሉ ከንጹሕ ምንጭ እንዲሆን አዟል። መኪናውም ማሞቂያውም ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ስለሆነ አዲስ ንፋስና አዲስ ፀሐይ መግዛት ግድ ነው። የምጠይቃችሁ የትኛውን ንፋስ፣ የትኛውን ፀሐይ ነው። ከካስኬድ ተራሮች ማዶ፣ በምሥራቅ ዋሽንግተን ደረቅ መሬት ላይ የሚተከል ፓኔል በጁላይ ሸጋ ነው፤ በ2021 ጁን መጨረሻ ሲያትል 42 ዲግሪ ሴልሺየስ የገባች ዕለት ቢኖር በወደድን፤ በጃንዋሪ ምሽት ግን ወሬ ነው። የሞንታና ንፋስ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ የሚበረታው በብርዱ ወራት ነው። ችግሩ መንገዱ ነው። ከዚያ እስከዚህ ያለው ማስተላለፊያ መስመር ጠባብ ነው፣ በቦንቪል መስመሮች ላይ ቦታ ለማግኘትም ወረፋው ረጅም ነው። ርካሹን ሜጋ ዋት ብቻ ካያችሁ ፀሐይ ትገዛላችሁ፣ ወረቀቱም ያምራል። የምሽቱን ሰዓት ካያችሁ ግን ውድ ቢሆንም የሞንታናን ንፋስ፣ ባትሪን፣ እና ከሁሉ በፊት የአፓርታማዬን መስኮት ትገዛላችሁ።

ጊዜውም አጥሯል። በ2025 በወጣው የፌዴራል ሕግ እስከ ጁላይ 4 ቀን 2026 ግንባታ ያልጀመረ የንፋስ ወይም የፀሐይ ፕሮጀክት እስከ 2027 መጨረሻ ሥራ ካልገባ የታክስ ድጋፉን ያጣል። ስለዚህ ነጋዴው ሁሉ በር እያንኳኳባችሁ እንደሚሆን እገምታለሁ። ስትቸኩሉ አንድ ነገር እንዳትዘሉ እፈራለሁ፤ የመሬቱን ባለቤቶች። በጎልደንዴል አጠገብ የያካማ ነባር ሕዝብ ፑሽፐም በሚለውና ሥራ ሥር በሚለቅምበት የተቀደሰ ቦታው ላይ ውሃ ወደ ላይ ተገፍቶ የሚጠራቀምበት ፕሮጀክት ሲታሰብ ሕዝቡ ዓመታት ተሟግቷል። ይህ የእናንተ ፕሮጀክት አይደለም። ግን የስካጂት ጉዳይ የእናንተ ነው፤ ግድቦቹን የማሠራት የ1995ቱ የ30 ዓመት ፈቃድ በ2025 ጊዜው አልፏል፣ ሦስቱ ነገዶች፣ አፐር ስካጂት፣ ሶክ ሱያትልና ስዊኖሚሽ፣ ስለ ሳልመን ዓሣቸው ምን ሲሉ እንደኖሩ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ንጹሕ የሚባል ኃይል የወንዝን አንድ ክፍል ማድረቅ እንደሚችል ከመቶ ዓመት በኋላ መማር ከባድ ነው። እኛም ከዓባይ አገር ነን፤ ወንዝ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በቀላሉ እንደማያልቅ እናውቃለን።

ሕዝብ በዕቅድ ውስጥ ምን ያገባዋል ለሚል ሰው የራሳችሁን ታሪክ አስታውሳለሁ። ይህን የነገረኝ የምንከባከበው አንድ ጡረተኛ ነው፣ ከዚያ በኋላ ራሴ አነበብኩት። በ1970ዎቹ አጋማሽ የኤሌክትሪክ ፍላጎት እንደ ጎርፍ ይጨምራል ተብሎ ተተንብዮ፣ በክልሉ ያሉ በርካታ የሕዝብ ድርጅቶች አራተኛና አምስተኛ የሚባሉ ሁለት የኑክሌር ጣቢያዎች በጋራ ለመሥራት ይፈራረሙ ነበር። ሲያትልም እንድትገባ ተጠየቀች። ከተማዋ «ኢነርጂ 1990» የተባለ ጥናት አሠራች፣ በጥናቱም ተራ ነዋሪዎች ተቀምጠው ትንበያውን መስመር በመስመር መረመሩ። በ1976 ምክር ቤቱ አንገባም አለ፤ ከዚያ ይልቅ ቁጠባን፣ ማለትም ቤት ማሸግን፣ መስኮት መቀየርን መረጠ። ጣቢያዎቹ ሳያልቁ በ1982 ተተዉ፣ በቀጣዩ ዓመት 2.25 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ መከፈል አቃተው። በአሜሪካ የማዘጋጃ ቤት ቦንድ ታሪክ እስከዚያን ቀን እንዲህ ያለ ኪሳራ አልነበረም። ጣቢያዎቹን ይሠራ የነበረውን ድርጅት አሕጽሮት ሰዉ «ዉፕስ» (በእንግሊዝኛ «ውይ፣ ተሳሳትኩ» እንደ ማለት) እያለ ያነበው ነበር፤ ጡረተኛዬ ይህን ሲነግረኝ እስኪያስለው ነው የሳቀው። ዛሬም ሌላ ትንበያ ጠረጴዛችሁ ላይ አለ። ያኔ የተቀመጡት ነዋሪዎች ግን በአብዛኛው የቤት ባለቤቶች እንደነበሩ እጠረጥራለሁ። አሁን ተከራይ ይቀመጥ።

ተከራይ ቢቀመጥ ምን ይላል? እኔ የምለውን ልንገራችሁ።

ጣሪያ የለኝም። ጎዳናው ማዶ ያለው ቤት ፓኔል ሰቅሏል፣ ሰመር ላይ ያመነጨው ተቆጥሮ ሂሳቡ ይወርድለታል፣ ደግ አደረገ። 30 በመቶ የፌዴራል የታክስ ቅናሽም አግኝቶበት ነበር፤ ያ በ2025 መጨረሻ ቆሟል። ለእኔ የታክስ ቅናሽ መጣም ሄደም ያው ነው። ቢከን ሂል፣ ጄፈርሰን ፓርክ የሽርሽር ጥላዎች ላይ ያሉትን የማኅበረሰብ ፓኔሎች ግን አውቃቸዋለሁ፤ ከስራቸው የልጄን ልደት አክብረናል። ጣሪያ የሌለው ሰው ድርሻ ገዝቶ በሂሳቡ የሚታሰብለት ሐሳብ ነበር። ያንን ሐሳብ አሳድጉት። ድርሻውን እኔ እንድገዛ ሳይሆን፣ ከትልልቆቹ ፕሮጀክቶች የምትገዙት ኃይል ላይ የቅናሽ ተጠቃሚ ለሆኑ ቤቶች ድርሻ ተቆርሶ ይቀመጥ። ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶች የሚሰጠው የፍጆታ ቅናሽ ራሱ የኤሌክትሪክ ሂሳብን በ60 በመቶ ይቀንሳል፤ ያልተመዘገባችሁ ወገኖቼ ተመዝገቡ፣ ኩራት ለብርድ አይሆንም። ግን ቅናሽ ብርዱን አያሽግም። የ2019ኙ ሕግ ራሱ የሽግግሩ ጥቅም ለተጋለጡ ማኅበረሰቦች በፍትሕ መድረስ አለበት ይላል። ስለዚህ አከራዩን አሳምናችሁም ሆነ አስገድዳችሁ ማሞቂያውን በሂት ፓምፕ ለውጡ፣ ኪራይ እንዳይጨምርብንም በውሉ አስሩት። ይህን ከንፋስ ማመንጫ እኩል እንደ ኃይል ምንጭ ቁጠሩት። በጃንዋሪ ምሽት እኔ የማልስበው አንድ ኪሎ ዋት ከሞንታና መምጣት የለበትም።

ስለ ሰዓት ታሪፉም። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ውድ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ርካሽ የሚሆነው አማራጭ በፈቃደኝነት ነው፤ በዚያው ይቆይ። እኔ ምጣዴን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ልሰካው እችላለሁ፣ ሠርግ ሲኖርም አድርጌዋለሁ። እናቴን ግን በሌሊት ሞቃ ቀን እንድትበርድ ማድረግ አልችልም። ኡበር የሚነዳው ወንድሜም የኤሌክትሪክ መኪና ቢገዛ አፓርታማው ግቢ ውስጥ የሚሰካበት ስለሌለ መንገድ ላይ ባለ ባትሪ መሙያ ነው የሚጠብቀው፤ እዚያ ደግሞ ሰዓት የሚመርጠው ወረፋው ነው።

አሁን የሰዓቱን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት (የእናንተ አይደለም) ለሰፈራችን ስብሰባ ጠርቶ በአማርኛ የተተረጎመ ወረቀት በትኖ ነበር። ትርጉሙ ጥሩ ነው፣ ፊደሉም አልተሰበረም። «ስብሰባው በ5 ሰዓት ይጀመራል» ይላል። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በእናንተ 11 ላይ፣ በሩ ላይ ቆመች። ስብሰባው በእናንተ አቆጣጠር የማታው 5 ነበር። ሦስቱ አሮጊቶች እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ጠብቀው፣ ዘግተውብናል ብለው ተመለሱ። ማታ አልሄዱም። በቃለ ጉባኤው ላይ ከኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች የተሳተፈ የለም ተብሎ ሳይጻፍ አልቀረም። ስለዚህ የሚቀጥለውን የኃይል ምንጮች ዕቅድ ረቂቅ ስታዘጋጁ ትርጉሙን ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን በሚያውቅ ሰው አሠሩት። ደግሞም ከመጽደቁ በፊት ይሁን፤ ከጸደቀ በኋላ የሚተረጎም ዕቅድ ለእኛ ዜና ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። በኖቬምበር 2024 ያ ከባድ የንፋስ ማዕበል ሲመጣ በአካባቢው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ጨለሙ። እኔ በዚያች ሌሊት ኦክሲጅን ማሽን ላይ ያለች አንዲት ሴት ጋ ተረኛ ነበርኩ። ማሽኑ ሲጠፋ ይጮሃል፤ በሩቅ እንደሚያለቅስ ሕፃን ያለ ድምፅ። መለዋወጫ ሲሊንደሩን ከፈትኩ፣ በላዩ ያለውን የመለኪያ መርፌ በስልኬ ብርሃን እያየሁ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በጣቴ ቆጠርኩ። ልጅዋ ሲነጋ ደርሶ ወደ ዘመድ ቤት ወሰዳት። ካፒቶል ሂል ሚለር ማኅበረሰብ ማዕከል ላይ ፓኔልና ባትሪ አገናኝታችሁ፣ መስመር ሲቋረጥ ለብቻው የሚበራ ሥርዓት ሠርታችኋል። እንዲህ ያለ ቦታ ሬኒየር ቢች ያስፈልገናል። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አዳራሾች አሉን፣ የኮሚዩኒቲ ማዕከላችን አለ፣ ጣሪያቸው ሰፊ ነው፣ መንገዱንም አረጋውያን ያውቁታል። በዕቅዱ ሠንጠረዥ ላይ ስንት ሜጋ ዋት ብላችሁ እንደምትጽፉት አላውቅም፤ ምናልባት ከዜሮ ነጥብ በኋላ ይሆናል። ጻፉት።

ወገኖቼ፣ እናንተንም አንድ ልለምናችሁ። ሂሳብ ሲመጣ በቡና ላይ ማማረር እናውቅበታለን፤ እኔም አለሁበት። የዕቅድ ስብሰባ ሲጠራ ግን «እሱ የነሱ ነው» እንላለን። ይህ ድርጅት የግል ኩባንያ አይደለም፣ የከተማው ነው፣ ዋጋውን የሚያጸድቀው የምንመርጠው ምክር ቤት ነው። ኪራይ ገፍቷችሁ ወደ ኬንት የሄዳችሁ ወደ ሌላ ድርጅት ደንበኝነት ተሻግራችኋልና ይህ ደብዳቤ ለእናንተ አይሠራም፤ የራሳችሁን ጻፉ፣ ከዚህ የፈለጋችሁትን ውሰዱ።

ለሲቲ ላይት ሰዎች፦ ለመነጋገር ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ማታ ኑ። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በእናንተ 7። ቆጣሪውን እያየን እንጋግራለን። ልጄ ይህን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰችላችሁ ነው፤ «ፈረቃ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆማ ጠየቀችኝ፣ እንዳለች ተዪያት ብያታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሬኒየር ቫሊ ተከራይ